አራት ከዘጠኝ መቶ ሰባ ውስጥ፦ በኒኬል ፊልም ላይ የተቀመጠ ሞለኪውል (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ

ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ የምትመላለስ አንዲት የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያዋ ከበድ ያለ ርዕስ መረጠች። የነጠላ ሞለኪውል ማግኔት ስስ የኒኬል ፊልም ላይ ሲያርፍ ሁለቱ በማግኔት እንዴት ይተሳሰራሉ የሚል ነው። በእጅ ያለው ዕቃ አንድ የዲሲ ፓወር ሰፕላይ፣ እስከ 10⁻² ሚሊባር ብቻ የሚስብ ሮታሪ ፓምፕ፣ ሚሊግራም የሚለይ ሚዛንና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነበር። ፈሳሽ ሂሊየም የለም፣ እጅግ ትንሽ ማግኔት የሚለካው ስኩዊድ ማግኔቶሜትርም የለም፤ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጨው ሲንክሮትሮን እንደሆነ በአገሪቱም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ሥራው ከሙከራ ወደ ስሌት የዞረበትን ምክንያት፣ በስሌቱ ውስጥ የተገኙ ሦስት ስህተቶችንና ከሁሉም ተርፎ የቀረውን አንድ ቁጥር ይመዘግባል። ስህተቶቹ በዚህ መስክ ጀማሪ የሆነ ሁሉ የሚወድቅባቸው ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ዋናውን ውጤት ስለማይነካ ሳይታይ እስከ መመረቂያው ጥራዝ ሊዘልቅ ምንም አልቀረውም።

ዳራ

የነጠላ ሞለኪውል ማግኔት እያንዳንዱ ሞለኪውል ብቻውን «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» የሚል ማግኔታዊ ትውስታ የሚይዝበት ውህድ ነው። ታዋቂው የመጀመሪያ ምሳሌ አሥራ ሁለት የማንጋኒዝ አዮኖች ያሉበትና ጠቅላላ ስፒኑ (የኤሌክትሮኖቹ ውስጣዊ ማግኔታዊ ሽክርክሪት) 10 የሆነው ማንጋኒዝ-12 አሲቴት ነው። ትውስታው ከሞለኪውሉ ከራሱ እንደሚመጣ እነሮቤርታ ሴሶሊና ዳንቴ ጋቴስኪ በ1993 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ይሁን እንጂ ማንጋኒዝ-12 እንደ ወርቅ ባለ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ማንጋኒዝ ኤሌክትሮን ይቀበልና ሞለኪውሉ የቀድሞ ጠባዩን ያጣል። ለፊልም ሥራ አይመችም።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ናኦቶ ኢሺካዋና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የተርቢየም ውህድ ነው። አንድ የተርቢየም አዮን በሁለት ጠፍጣፋ የፍታሎሲያኒን ቀለበቶች መካከል ተቀምጧል፤ በሁለት እንጀራ መሃል እንደ ቀረች የሽምብራ ፍሬ ማለት ነው። በቫኪዩም ውስጥ ሲሞቅ ሳይፈርስ ይተናል፣ ገጽ ላይ ሲያርፍም በጀርባው ይተኛል። በዚህ ምክንያት ማግኔታዊ ዘንጉ ለገጹ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተርቢየሙ ሞመንት (የማግኔቱ ጥንካሬ) 9 ቦር ማግኔቶን (የአተም ማግኔት መለኪያ) ሲሆን በዘንጉ ላይ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. ይኸው ሞለኪውል በኒኬል ፊልም ላይ ተለክቶ ሞመንቱ ከኒኬሉ ተቃራኒ እንደሚቆም ታየ። ትስስሩ የሚያልፈው በቀለበቱ በኩል ነው፤ የተርቢየም 4ኤፍ ኤሌክትሮኖች ጥልቅ ስለሆኑ ኒኬሉን በቀጥታ አይነኩም። የኒኬሉና የሞለኪውሉ ዘንጎች አቅጣጫ መግጠምና አለመግጠም ውጤቱን በእጅጉ እንደሚወስን ያኔ ተመልክቷል። ልኬቱ የተሠራው ኤክስ ኤም ሲ ዲ በሚባለው ዘዴ ነው። በክብ የተፖላራይዘ ኤክስሬይ በ853 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የኒኬልን፣ በ1240 አካባቢ ደግሞ የተርቢየምን ማግኔት ለየብቻ ያነባል። የዚህ «ለየብቻ» ጥቅም ወደ ታች ሲሄዱ ይገለጣል።

የመጀመሪያው ዕቅድ

ተማሪዋ ያሰበችው መዳብ ላይ ኒኬል በኤሌክትሪክ ቀብታ፣ በላዩ ሞለኪውል አርፎበት፣ የተገኘውን ናሙና ውጭ አገር ልኮ ማስለካት ነበር። ተርቢየሙ ስለማይገኝ ለመለማመጃ የመዳብ ፍታሎሲያኒን ተመረጠ። ይህ በቀለም ፋብሪካ የሚታወቀው ሰማያዊ ዱቄት ነው፤ ስፒኑ ግማሽ የሆነ ተራ ፓራማግኔት (ፊልድ ሲነሣ ማግኔትነቱ የሚጠፋ) እንጂ የነጠላ ሞለኪውል ማግኔት አይደለም።

የቅቡ ሙሙት (የኒኬል ጨው የሚሟሟበት ፈሳሽ) የታወቀው የዋትስ ነው። ለግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ 130 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 22 ግራም ኒኬል ክሎራይድና 20 ግራም ቦሪክ አሲድ ይገባል፤ ፒኤቹ 4 ገደማ፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ይያዛል። ካቶዱ (ኒኬሉ የሚያርፍበት ኔጌቲቭ ጫፍ) 2 በ2 ሴንቲሜትር የመዳብ ቁራጭ ነበር፣ ጀርባው በቴፕ የተሸፈነ። በአንድ ዴሲሜትር ካሬ 1 አምፔር እንዲሆን 0.04 አምፔር ይበቃዋል።

በዚህ ጅረት ኒኬል በደቂቃ 0.2 ማይክሮሜትር ያህል ይወፍራል። የሚፈለገው 20 ናኖሜትር ስለነበር ጊዜው ስድስት ሰከንድ ሆነ። ስድስት ሰከንድ ማብሪያ ማጥፊያን በእጅ በመጫን የሚቆጣጠሩት ጊዜ አይደለም። ከሙሙቱ ሲወጣ የመዳቡ ቁራጭ መሃሉ ቀይ እንደሆነ ነበር፤ ጅረት ጠርዝና ማዕዘን ላይ ስለሚከማች ዙሪያው ብቻ ግራጫ ደመና ለብሷል። በአንደኛው ማዕዘን ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ ተቀርጾ ቀርቷል። ያ ቦታ በአሴቶን ተጠርጓል ቢባልም ቅባቱ አልለቀቀም ነበር። ሁለተኛው ሙከራ በአሥር በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ከታጠበ በኋላ ተሠራና አሻራው ጠፋ። ጠርዙ ግን እንደዚያው ነው።

አንድ ገጽ ስሌት

ቀጣዩ ግዢ ከመፈረሙ በፊት አማካሪው ጠየቁ፦ «ለመሆኑ ሞለኪውሉ ምን ያህል ድምፅ አለው? ኒኬሉስ ምን ያህል ይጮኻል?»

«አላሰላሁትም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው አስልተሽ በአንድ ገጽ አምጪልኝ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።»

ገጹ ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ናሙናው 1 ሴንቲሜትር ካሬ ይሁን። 20 ናኖሜትር ኒኬል በሙሉ ሲማገነጥ ሞመንቱ 970 ናኖ አምፔር ሜትር ካሬ ገደማ ነው። የተርቢየሙ ሞለኪውል እያንዳንዱ 2 ናኖሜትር ካሬ ያህል ይይዛል ብንል አንድ ንብርብር 5 × 10¹³ ሞለኪውል ይኖረዋል። ሁሉም 9 ቦር ማግኔቶናቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያዞሩ ድምሩ 4 ናኖ አምፔር ሜትር ካሬ ነው። ከሥር ያለው የ0.1 ሚሊሜትር መዳብ ዲያማግኔት ነው፤ በ1 ቴስላ ውስጥ 76 ያህል በተቃራኒው ይጨምራል።

አራት፣ ሰባ ስድስት፣ ዘጠኝ መቶ ሰባ። ጥሩ ስኩዊድ 4ን ብቻዋን በቀላሉ ይለካል፤ የመሣሪያው ድክመት አይደለም። መሣሪያው ድምሩን ብቻ ስለሚያይ የኒኬሉ ልኬት በግማሽ በመቶ ቢዛነፍ ሞለኪውሉ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። ኤክስ ኤም ሲ ዲ የግድ የሆነው ለዚህ ነው፤ 970ውን ትቶ 4ን ብቻ መጠየቅ ይችላል።

ገጹ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ቫኪዩም ነው። በ10⁻⁶ ሚሊባር ግፊት የአንድ ንብርብር ያህል ጋዝ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ገጽ ይመታል፤ በ10⁻² ደግሞ በአንድ ሰከንድ አሥር ሺህኛ። ሮታሪ ፓምፑ በሚደርስበት ግፊት ንጹሕ ኒኬል የሚባል ነገር አይኖርም። ሞለኪውሉ የሚያርፈው ኦክሳይድ ላይ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስቆጭ ነው። 20 ናኖሜትር ውፍረት ያለው፣ በኤሌክትሪክ የተቀባ ኒኬል የሚማገነጠው በራሱ ወለል ላይ ተኝቶ ነው። ኒኬል ቀጥ ብሎ እንዲማገነጥ በንጹሕ የመዳብ ክሪስታል (100) ገጽ ላይ፣ ሰባት ገደማ ንብርብር ካለፈ በኋላ፣ በቫኪዩም መብቀል አለበት። የተኛ ኒኬል ከቆመ የሞለኪውል ዘንግ ጋር በመጀመሪያ ደረጃ አይገናኝም። ስለዚህ ሁሉም ተሳክቶ ቢሆን እንኳ የሚፈለገው ትስስር አይታይም ነበር።

የኒኬሉ ቅብ እዚህ ላይ ቆመ። ኒኬል ሰልፌቱ ሳይገዛ ይህ ገጽ ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሞዴሉ

አዲሱ ርዕስ የታተመውን የማግኔት ኩርባ በስሌት አባዝቶ የትስስሩን መጠን ማውጣት ሆነ። ለዚህ ላፕቶፕ ይበቃል። የተርቢየም ጠቅላላ አንግላዊ ሞመንተም 6 ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሦስት የኃይል ደረጃዎች አሉት፣ ሥራውም 13 በ13 ማትሪክስ መፍታት ነው። ማትሪክሱ ሦስት ክፍል አለው፦ ቀለበቶቹ የሚፈጥሩት የክሪስታል ፊልድ (የኤሌክትሪክ ተጽዕኖ)፣ ከውጭ የሚመጣው ማግኔታዊ ፊልድ፣ ከኒኬሉ የሚመጣው ኤክስቼንጅ (ስፒን ከስፒን ጋር የሚተሳሰርበት ኃይል)። ደረጃዎቹ ከተገኙ በኋላ በቦልትዝማን ክብደት (በሙቀቱ መሠረት እያንዳንዱ ደረጃ የሚያዝበት ዕድል) አማካይ ሞመንቱ ይወጣል። ኮዱ በፓይተንና በነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ስሌት ጥቅል) ተጽፎ ከመቶ መስመር አልበለጠም። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ እያንዳንዱ የፊልድ ነጥብ እንደ ተሰላ ወደ ፋይል እንዲጻፍ ተደረገ። ለትንሹ ስሌት አያስፈልግም ነበር፤ ቀጥሎ ለሚመጣው የዳይፖል ስሌት ግን አስፈለገ።

በዝቅተኛ ሙቀት ሁለቱ የታችኛ ደረጃዎች ብቻ ስለሚሠሩ ውጤቱን በካልኩሌተር ማረጋገጥ ይቻላል። 9 ቦር ማግኔቶን በ1 ቴስላ ውስጥ 6.05 ኬልቪን ያህል ኃይል አለው። በ8 ኬልቪን ኒኬል ከሌለ የማግኔቱ መጠን የ0.756 ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ነው፣ ማለትም ከሙሉው 64 በመቶ። ኮዱ ይህን ቁጥር ካልሰጠ ወደ ፊት መሄድ የለም። ሰጥቷል።

አንደኛው ስህተት፦ ከጠርዙ የመጣ ፊልድ

የመጀመሪያው ጥያቄ ትስስሩ ተራ የማግኔት ዳይፖል (እያንዳንዱ አተም እንደ ትንሽ ማግኔት ዙሪያው የሚያሳድረው ፊልድ) ሊሆን አይችልም ወይ የሚል ነበር። ተማሪዋ 11 ንብርብር ኒኬል ወሰደች፣ ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ገደማ። እያንዳንዱን አተም ቀጥ ብሎ እንደቆመ 0.6 ቦር ማግኔቶን ቆጥራ ከገጹ ግማሽ ናኖሜትር ከፍ ባለ ነጥብ ላይ ፊልዶቹን ደመረች። ቁራጩ ራዲየሱ 10 ናኖሜትር የሆነ ክብ ነበር፤ ሃምሳ ስድስት ሺህ ያህል አተም አለው። መልሱ 0.06 ቴስላ መጣ፣ ወደ ኒኬሉ አቅጣጫ። ትንሽ ቢሆንም ቸል የሚባል አይመስልም፤ በረቂቁም ላይ «ዳይፖላር ድርሻ» ተብሎ ሰፈረ።

ስህተቱን ያወጣው ራዲየሱን መለዋወጥ ነው። በ5 ናኖሜትር 0.11፣ በ10 0.06፣ በ20 0.03፣ በ40 0.016 ቴስላ። ራዲየሱ ሲያድግ ፊልዱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ራዲየስ በእጥፍ፣ ፊልድ በግማሽ። ይህ ኒኬሉ ስለ ሞለኪውሉ የሚናገረው ነገር አይደለም፣ የተቆረጠው ጠርዝ ድምፅ ነው። ስፋቱ ወሰን የሌለው፣ እኩል የተማገነጠ ፊልም ከውጭው ፊልድ የለውም። ቁራጩ ልክ በዙሪያው ጅረት እንደሚዞርበት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ሲርቅ መሃሉ ይደክማል። ከአተሞቹ መደዳ የሚመጣው መለዋወጥም ከገጹ በራቁ ቁጥር በኤክስፖኔንሻል ስለሚጠፋ በግማሽ ናኖሜትር ላይ ምንም አይቀርም።

አቅጣጫውን አስቀድሞ ያየ ሰውም ይጠረጥር ነበር። ይህ የጠርዝ ፊልድ ሞለኪውሉን ከኒኬሉ ጋር ያስማማል፤ የተለካው ግን መቃረን ነው።

የ40 ናኖሜትሩ ስሌት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ አተም ስለሚደርስ በተራ የፓይተን ሉፕ እጅግ ዘገየ፤ በነምፓይ አሬይ ንብርብር በንብርብር ሲሠራ በሰከንዶች አለቀ። 

ሁለተኛው ስህተት፦ ማንም ያላየው

የክሪስታል ፊልዱ ቁጥሮች በኢሺካዋ ሥራ ላይ 414፣ 228 (ኔጌቲቭ) እና 33 ናቸው፣ በኢንቨርስ ሴንቲሜትር (የኃይል መለኪያ)። ከስቲቨንስ ፋክተሮች (የተርቢየም የታወቁ ማባዣዎች) ጋር ሲባዙ በታችኞቹ ጥንድ ደረጃዎችና ከእነርሱ ቀጥሎ ባሉት መካከል 436 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር ልዩነት ይሰጣሉ። ኮዱ ግን የቀረውን ሁሉ በኬልቪን ስለሚሠራ ቁጥሮቹ በ1.4388 መባዛት ነበረባቸው። አልተባዙም። ስለዚህ 627 ኬልቪን መሆን የነበረበት ልዩነት 436 ኬልቪን ሆኖ ተቀመጠ።

በ8 ኬልቪን 436ም ሆነ 627 ያው ሩቅ ነው፤ ከታችኞቹ ጥንድ በላይ የሚወጣ የለም። ኩርባው እስከ አራተኛ ዴሲማል አንድ ነው። የካልኩሌተሩም ማረጋገጫ አለፈ። ስህተቱ የታየው ኒኬሉ ተኝቶ ሲታሰብ ነው። የጎን ፊልድ ሞለኪውሉን የሚነካው የላይኛውን ደረጃ በመበደር ስለሆነ ምላሹ በልዩነቱ ልክ ይቀንሳል፤ ያኔ 1.44 እጥፍ ማጋነን ውጤቱ ውስጥ ይገባል። አማካሪው አሥራ ሦስቱ ደረጃዎች በወረቀት ታትመው እንዲመጡ ጠይቀው ወረቀቱን ከኢሺካዋ ሥራ ጎን አስቀመጡት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ ኮዱ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያወጣው አሥራ ሦስቱን ደረጃዎች ነው፣ ከነመለኪያቸው።

ሦስተኛው ስህተት፦ ስድስት ወይስ ዘጠኝ

ጊዜ የበላው ይህ ነው። ተማሪዋ የኤክስቼንጁን ፊልድ እንደ ተራ ማግኔታዊ ፊልድ ቆጥራ ከውጭው ፊልድ ላይ ቀነሰችው። ሌላ የተሠራ ስሌት ላይ ስታመሳክረው የእርሷ ቁጥር በአንድ ተኩል እየተካፈለ አነሰ፤ ሁልጊዜ፣ በየሙቀቱ፣ ልክ በአንድ ተኩል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥምርታ ከልኬት ስህተት አይመጣም። ከትርጓሜ ነው የሚመጣው።

ውጫዊ ፊልድ የሚይዘው ጠቅላላ ሞመንቱን ነው፣ የስፒኑንም የኦርቢታሉንም። ኤክስቼንጅ ግን ስፒኑን ብቻ ይይዛል። ተርቢየም ሲዘረዘር ስፒኑ 3፣ ኦርቢታሉ 3 ነው። ስፒን በእጥፍ ስለሚቆጠር ሞመንቱ 6 ሲደመር 3፣ ዘጠኝ ይሆናል። ኤክስቼንጁ የሚያየው ግን ስድስቱን ብቻ ነው። ስለዚህ 0.6 ቴስላ የሆነ የኤክስቼንጅ ፊልድ በሞለኪውሉ ላይ የሚሠራው እንደ 0.4 ቴስላ ተራ ፊልድ ነው። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ናቸው፤ የትኛውን እንደሚጠቀሙ ሳይገልጹ ቁጥር ማወዳደር ነው ስህተቱ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በተርቢየም ስፒኑና ጠቅላላ ሞመንቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ስለዚህ «ሞመንቱ ከኒኬሉ ይቃረናል» ማለት «ስፒኑ ይቃረናል» ማለት ነው። ከግማሽ በታች የሞላ የኤፍ ሼል ባላቸው እንደ ኒዮዲሚየም ባሉት ግን ስፒኑ ለጠቅላላ ሞመንቱ ጀርባውን ይሰጣል። በዚያ ሁኔታ ሞመንቱ ከኒኬሉ ጋር ተስማምቶ ቢታይ ስፒኑ ግን ተቃርኗል። ምልክቱን ከግራፉ ላይ አንብቦ ወዲያው ፌሮማግኔታዊ ነው ብሎ መጻፍ እዚህ ላይ ያሳስታል።

ዜሮ የሚቋረጥበት ነጥብ

ከታተመ ግራፍ ላይ ነጥብ ማንበብ ቀላል መስሎ ይታያል። ምስሉ በዌብ ፕሎት ዲጂታይዘር ተከፍቶ ዘንጎቹ ይለካሉ፣ ነጥቦቹ በማውስ ይለቀማሉ። ችግሩ የኤክስ ኤም ሲ ዲ ኩርባ ቁመት በቀጥታ ሞመንት አለመሆኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጫፍ ጥንካሬ ተመዝኖ በዘፈቀደ መለኪያ ይሳላል። ናሙናው ላይ ያለው ሙቀትም መለኪያው ከሚያሳየው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ያልታወቁ አሉ፦ ቁመት፣ ሙቀት፣ ኤክስቼንጅ።

ዘዴው ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ በታተመው ዳታ ፋንታ ሰው ሠራሽ ዳታ ተሠራ፤ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ። በ8 ኬልቪን፣ ኤክስቼንጁ እንደ 0.4 ቴስላ የሚሠራ፣ ላዩ ላይ 3 በመቶ ጫጫታ የተጨመረበት። ፊልዱ እስከ 1 ቴስላ ብቻ ሲሄድ ኮዱ በ8 ኬልቪንና በ12 ኬልቪን መካከል መምረጥ አቃተው። 12 ኬልቪን ላይ ቁመቱን በአንድ ተኩል ብታሳድገው ሁለቱ ኩርባዎች የሚለያዩት ከሙሉው ቁመት በ1.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከጫጫታው ያነሰ። እስከ 5 ቴስላ ሲሄድ ግን ኩርባው ይጠግባል፣ ቁመቱም ይታወቃል።

በሁለቱም ያልተናወጠው አንድ ነገር ነው፤ ኒኬሉ ወደ ላይ ተማግንጦ ሳለ የተርቢየሙ ኩርባ ዜሮን የሚያቋርጥበት ፊልድ። እዚያ ነጥብ ላይ ውጫዊው ፊልድና ኤክስቼንጁ ተጣፍተዋል። ቁመት በማንኛውም ቢባዛ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ሙቀቱም ቢለወጥ ነጥቡ አይንቀሳቀስም። 0.4 ቴስላ ገብቶ 0.4 ቴስላ ወጣ። የኩርባው ቅርጽ ግን ሙቀትን ይከተላል። ፊልዱ ዜሮ ሲሆን ሞለኪውሉ በ8 ኬልቪን 29 በመቶ ያህል ለኒኬሉ ጀርባውን ይሰጣል፤ በ2 ኬልቪን 84 በመቶ።

ይህ የሚሠራው ኤክስሬዩም ፊልዱም ለገጹ ቀጥ ብለው ሲመጡ ነው። በ70 ዲግሪ ከተዘነበለ በሞለኪውሉ ዘንግ ላይ የሚያርፈው ፊልድ 34 በመቶ ብቻ ስለሆነ ማቋረጫው ወደ ሦስት እጥፍ ይርቃል። ተማሪዋ በመጀመሪያ ያነበበችው ግራፍ የዘንባላው ነበር፤ የሥዕሉ መግለጫ ላይ ያለችውን ትንሽ የማዕዘን ቁጥር ሳታይ ለሁለት ሳምንት ትልቅ ትስስር አገኘሁ ብላ ነበር።

ያልሠራው

ሞዴሉ ሂስተሪሲስን፣ ማለትም ፊልዱ ሲመላለስ ማግኔቱ ወደ ኋላ የሚቀርበትን ትውስታ፣ አይሰጥም። የቦልትዝማን ክብደት ሞለኪውሉ ሁልጊዜ ሚዛኑ ላይ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ትውስታ የሚመጣው ደግሞ ሚዛን ላይ ባለመድረስ ነው። ቀጥ ባለ ኒኬል ላይ የተርቢየሙ ቀሪ ማግኔት እንደሚጨምር የ2011ዱ ሥራ አሳይቷል። ኒኬሉ ሲገለበጥ ሞለኪውሉ አብሮ መገልበጡን ሞዴሉ ይናገራል፣ በምን ፍጥነት እንደሆነ ግን አያውቅም። ለዚያ የቱነሊንግ (የኃይል ግንብን ሳይወጡ ማለፍ) እና የፎኖን (የአተሞች ንዝረት) ስሌት ያስፈልጋል። በቀረው ጊዜ ተሞከረ፣ የሚስተካከሉት ፓራሜትሮች ከዳታው ነጥብ ስለበዙ ተተወ። ተገቢ ውሳኔ ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ከማንኛውም የፊልም ሙከራ በፊት የሚፈለገውንና የማይፈለገውን ሞመንት በአንድ መለኪያ ጎን ለጎን መጻፍ። እዚህ ጥምርታው 4 ለ970 ነበር፤ 1 ለ10 ቢሆን ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር።

የተቆረጠ ቁራጭ ላይ የተደመረ ማንኛውም ቁጥር ቢያንስ በሦስት መጠን መሰላት አለበት። እያነሰ ከሄደና ካልቆመ ቁጥሩ የቁራጩ እንጂ የነገሩ አይደለም።

ውጤቱ ትክክል መምጣቱ ኮዱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የ1.4388ቱ ስህተት ይህን ያስተማረው ውጤቱ ስለማያየው ነው። መካከለኛ ቁጥሮች መታተም አለባቸው፤ ከመጨረሻው ኩርባ ይልቅ እነርሱን ከታወቀ ሥራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ቋሚ የሆነ ንጹሕ ጥምርታ፣ 1.5 ወይም 2 ወይም 1.44፣ ሲታይ ደግሞ ዳታውን ከመውቀስ በፊት ትርጓሜውን መፈተሽ።

ከሦስት ያልታወቁ ነገሮች ሁለቱን የማይሰማ መጠን ካለ እርሱን መለካት። እዚህ ዜሮ ማቋረጫው ነበር። በሌላ ሥራ ሌላ ይሆናል፤ ፍለጋው ግን ኮድ ከመጻፍ በፊት ቢሆን ጊዜ ይቆጥባል።

የተረፈው ኒኬል

370 ግራም ኒኬል ሰልፌትና ሁለት ጊዜ ብቻ የሠራ ግማሽ ሊትር ሙሙት ቀርቷል። ጨው ሆኖ ያለው ለቅድመ ምረቃ የኤሌክትሮፕሌቲንግ ልምምድ ተላልፏል፤ የኒኬል ጨው ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ስለሚመደብ በጓንትና በመከለያ እንዲያዝ መለያ ተለጥፎበታል። አረንጓዴው ሙሙት ወደ መታጠቢያ አልተደፋም፤ የፍሳሹ መጨረሻ ቦርከና ወንዝ ነው። የላብ ቴክኒሻኑ ሶዲየም ካርቦኔት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ አረፋው እስኪበርድ እየጠበቁ፣ ፒኤቹን 10 አደረሱት። የሐመር አረንጓዴ ዝቃጩ በማጣሪያ ወረቀት ተለይቶ፣ ደርቆ፣ በክዳን ባለው ፕላስቲክ ታሽጎ ቀን ተጽፎበት ተቀምጧል።